ሌባ መሳሪያ

ንዴታም ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የማወራውን ስትሰሙ «ምን ነክቶት ነው?» እንዳትሉ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ሥራው ትዕግስት ይፈልጋል ይላሉ፤ እውነት ነው፤ እኔ ግን ያለችኝን ትዕግስት ሁሉ ለስልኩ ስለምሰጣት ለሰው የምትተርፍ የለችኝም። ቀን ጸጉር የምታህል ሽቦ ትንፋሼን ይዤ በካውያ እበይዳለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጌም ተጫውቼ ከተገደልኩ ግን ጩኸቴ አስፋልት ማዶ ይሰማል።

የምንጫወተው የተኩስ ጌም ነው። ስድስት ሰባት ሆነን ሱቄ ውስጥ እንሰበሰባለን። ዋይፋዩን እከፍታለሁ፣ ሁሉም በየስልኩ አንድ ሜዳ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ እርስ በርስ መጨራረስ ነው። የተገደለው ጥቂት ቆይቶ ይነሳና ይቀጥላል። እናቴ አንድ ጊዜ ከአምባሰል ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችን። እውነተኛው ተኩስ በጆሯችን ሲያልፍ የከረምን ሰዎች ምን ቀርቶብን በስልክ እንደምንፈልገው ጠየቀችኝ። እዚህኛው ላይ የሞተው ስለሚነሳ ይሆናል አልኳት። አላህ ይምራህ ብላ ሄደች።

ጌሙ ውስጥ የመሳሪያ ዓይነት ብዙ ነው፤ እኔ ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ። ክላሽ አለ፣ የሁላችንም ነው። ስናይፐር አለ፣ ማዶ ሆነህ በመነጽር አነጣጥረህ የምትጥልበት። ሾትጋን አለች። ሾትጋን ከራቀህ ሰው ጋር ምንም አትሠራም፤ ቀርበህ አንዴ ከተኮስክ ግን ያኛው አለቀለት። ማነጣጠር ብሎ ነገር የለም፤ ፊትህን ወደ ሰውየው ማዞር ይበቃል። እሷን ነበር ሌባ መሳሪያ የምንላት።

ለምን ሌባ እንዳልናት ያኔ ብትጠይቁኝ «ሌባ ስለሆነች ነዋ!» ብዬ እጮህባችሁ ነበር። አሁን ሳስበው ነገሩ ወዲህ ነው። በስልክ ስትጫወት በግራ አውራ ጣትህ ትራመዳለህ፣ በቀኝ አውራ ጣትህ ታነጣጥራለህ። እኔ ቀኝ አውራ ጣቴን ለማሠልጠን ከዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። መስታወቱ ላይ ምን ያህል ብትንቀሳቀስ ክላሹ ምን ያህል እንደሚዞር ጣቴ ራሷ ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ለፍቼ አንድ በር ስከፍት፣ በሩ ጀርባ የተሸጎጠ ሰው ዷ! ሲያደርገኝ የሚያናድደኝ መሞቴ አይደለም። ልፋቴ ከንቱ መሆኑ ነው። ሌላም ነገር አስተውያለሁ፦ ሁሉም የሚያማው የተገደለበትን መሳሪያ ነው፤ የገደለበትን መሳሪያ ሲያማ የሰማሁት ሰው እስካሁን የለም።

ሌባዋን መሳሪያ የሙጥኝ ያለው ጓደኛዬ ነበር። ከአምባሰል ወርጄ ሐይቅ ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ የተዋወቅኩት እሱን ነው፤ ውሃ የገባበት ስልክ ይዞልኝ መጣ። ሥራው ሐይቁ ዳር አሳ መበለት ነበር። መበለት ስላችሁ እንዲያው እንዳትንቁት። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ይይዛል፣ ቢላዋውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያሳልፍበታል፣ ፊሌቶው በአንድ በኩል አጥንቱ በሌላ በኩል ቁጭ ነው። አሳ የማይበላ ሰው እንኳ እሱን ለማየት ሲል ይቆም ነበር። እሱም ሰው እንደቆመለት ሲያውቅ ይብሳል፤ ቀና ሳይል፣ ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ እያለ።

አንድ የሁዳዴ ጾም ላይ ከደሴ ትእዛዝ በዛና ሲጣደፍ ቢላዋውን የያዘው እጁ ከእጀታው ወደ ስለቱ ተንሸራተተ። ቀኝ አውራ ጣቱን ከሥሯ በላው። በጨርቅ ጠቅልሎ የቀረውን አሳ ጨረሰ። ሐኪም ዘንድ የሄደው እጁ ካበጠ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ነው። ቁስሉ ዳነ፤ ጅማቱ ግን አልተመለሰም። ጣቲቱ በቦታዋ አለች፣ ጥፍሯም ያድጋል፣ አትታጠፍም እንጂ። ያልታጠፈ አውራ ጣት ደግሞ ቢላዋ አይዝም። ቦታውን ወንድሙ ወሰደው። እሱ ራሱ በረጅም አለንጋ አሞራ ከአሳው ላይ የሚያባርር ሰው ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚያየው ሰው፣ አሞራ ሊያባርር!

ከዚያ በኋላ ሱቄ የሚመጣው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ ያስተኛል፣ በግራ አውራ ጣቱ ይራመዳል፣ በቀኙ ደግሞ በመሐል ጣቱ አንጓ እየገፋ ሊያነጣጥር ይሞክራል። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቅጠል ነበር የሚረግፈው። ኋላ ላይ ማነጣጠር የማትፈልገውን መሳሪያ አገኛት። በር ጀርባ፣ ደረጃ ሥር፣ የፈረሰ መኪና ውስጥ ይገባና ይጠብቃል። መጠበቅ ለእሱ ምኑ ነው? መረብ ጥሎ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። ማሸነፍ ጀመረ። ሲያሸንፍም ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ ይላል፣ እንደዚያ እንደ ድሮው።

የጣቱን ነገር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። አላወቅኩም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለም።

አንድ ቀን በአንድ ጨዋታ ላይ አስራ አንድ ጊዜ ገደለኝ። ወላሂ አስራ አንድ! የማልፍበትን ሁሉ ያውቀዋል። በአስራ አንደኛው ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኳት፣ መስታወቷ ተሰነጠቀ። የሰው ስልክ ጠጋኝ የራሱን ሰበረ ብለው ሳቁብኝ። ሌባ አልኩት፣ ፈሪ አልኩት፣ ያልኩትን ሁሉ ልደግመው አልችልም። እሱ ይስቃል። ከሳቁ መሐል አንዱ «ለምን አበጋሩ አይዳኙንም?» አለ።

አበጋሩ የሚሉት እኔን ነው፣ ለቀልድ። አባቴ እውነተኛ አበጋር ናቸው። እኛ አገር ሰው ሰው ሲገድል ደሙ እንዳይመላለስ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው የሚሰሙ፣ የደም ካሳውን፣ ጉማ የምንለውን፣ የሚወስኑ፣ በዱዓ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ከአያት ወደ አባት የወረደ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራቸዋል። እኔ ዘሩን እንጂ ጠባዩን እንዳልወረስኩ ዘመድ ሁሉ ይስማማል።

መጥረጊያውን ገልብጠው እንደ ዘንግ አስያዙኝ፣ ወንበሬን መሐል አደረጉ። ከሳሹ መምህሩ ሆነ። መምህሩ የእኛው የአምባሰል ልጅ ነው፣ የሐይቅ ልጆችን ፊዚክስ ያስተምራል፣ ጌም ላይ ከስናይፐር ሌላ አይነካም። ተነስቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ሾትጋን ችሎታ የሚገድል መሳሪያ መሆኗን፣ ተሸሽጎ መጠበቅ የወንድ ሥራ አለመሆኑን፣ በዚህ ከቀጠለ ማንም በር ለመክፈት እንደሚፈራ ዘረዘረ። ሌሎቹ አጨበጨቡለት። ሳቅ በሳቅ ነበርን። ለጓደኛዬ ተራ ሲሰጠው ከመቀመጫው አልተነሳም።

«እሱ ማዶ ተራራ ላይ ሆኖ ሳላየው ሲገድለኝ ችሎታ ነው» አለ። «እኔ አጠገቡ ሆኜ ስገድለው ሌብነት ነው?»

«ስናይፐር እጅ ይፈልጋላ!» አለ መምህሩ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ለራሱም ተሰማው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ሳቁ ቆመ። አንዱ ቻርጀር ነቅሎ ሰካ። ጓደኛዬ ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ብብቱ ሥር ከተታት። ማቆም የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። «አቦ ተዉት፣ ጨዋታ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አላልኩም። የተሰነጠቀችው ስልኬ ፊቴ ነበረች፣ አስራ አንዱ ሞትም ገና አልበረደልኝም።

ይልቁንም የአባቴን ድምፅ አወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመቀመጫቸው ኋላ ሆኜ የቃረምኩትን ሁሉ አመጣሁት። ደም ሲዳኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገዳዩ ፊት ለፊት ገጥሞ ነው ወይስ አድፍጦ የሚለው ነው አልኩ፤ አድፍጦ የገደለ ጥፋቱ ይከብዳል አልኩ፤ ስለዚህ ሾትጋን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አትነሳም አልኩ። ለእውነተኛ ደም የተሠራውን ሕግ ለስልክ ጨዋታ አወረድኩት። ከዚያም የባሰውን አደረግኩ፤ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ጀመርኩ። ፍርዱን የተቀበለ አሚን ይበል አልኩ።

መምህሩ አሜን አለ፣ ሌሎቹ አሚን አልን። ጓደኛዬም እጆቹን ዘርግቶ ነበር። ለዱዓ ሲዘረጋ እጁ ሙሉ ነው፤ ዱዓ ላይ አውራ ጣት ማጠፍ አያስፈልግም። አሚን ያለው ከሁላችንም በኋላ፣ ቀስ ብሎ ነው።

እኛ ቀልዱ አለቀ ብለን ነበር። እሱ ግን አሚን ያለበትን ነገር የሚያፈርስ ሰው አይደለም። በማግስቱ መጥቶ ክላሽ አነሳ። አንዱ ለጨዋታ ያልነውን የምር አደረግከው እንዴ ቢለው፣ አሚን ብያለሁ እኮ አለና ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስተኛ። ሐይቁ ዳር ብቻውን ሲጫወት እንኳ እንደማያነሳት ኋላ ሰማሁ። በመሐል ጣት አንጓ ክላሽ ማነጣጠር ምን ማለት ነው? አንተ ዞረህ ሳትጨርስ ያኛው ጨርሶሃል። መጀመሪያ የሚሞተው እሱ፣ ተነስቶ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ።

ከዚያ የማናችንም ያልሆነ፣ የሁላችንም የሆነ ነገር ተጀመረ። ማንም ለማንም አልተናገረም። መምህሩ ድሮ ዝንብ የማያመልጠው ሰውዬ ጓደኛዬን ሲያይ ይስት ጀመር። ሌሎቹም ፊቱ ሲደርሱ መሳሪያቸው ጥይት ያልቅበታል፣ ዋይፋዩ ይጠፋባቸዋል። እኔም እንደዚያው። ደግ ነገር የሠራን መስሎን ነበር። እንዲያውም አንድ ማታ ሱቄን ስዘጋ ደረቴ ቀለል ብሎኛል፤ ፍርዴ ከበደ፣ ግን ካስነው ብዬ።

በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ጌሙ ውስጥ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኘን፣ እኔና እሱ ብቻ። አልሮጠም፣ አልተሸሸገም፣ ፊት ለፊቴ ቆመ። ሱቁ ውስጥም ከእኔ ትይዩ ነው የተቀመጠው፣ ቀና ብሎ ያየኛል። ተኮስኩ። ጥይቱን በሙሉ ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ አራገፍኩት።

«ግድግዳው ምን አደረገህ?» አለኝ።

ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ጫማውን አደረገ፣ ሁላችንንም ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

አንድ ሳምንት ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልን። በሁለተኛው ሳምንት ስሙን ማንሳት ተውን። ጨዋታውም እሱ ከሄደ በኋላ ጨዋታ አልሆነም። አንዱ ተነስቶ ስናይፐርም ይከልከል አለ፣ መምህሩ ተቆጣ። ሌላው ቦምብ ሌብነት ነው አለ። ሾትጋን ከሄደች ሰላም ይሆናል ያልነው ቤት በየቀኑ አዲስ ሌባ ያገኝ ጀመር። እኔን ዳኝልን ሲሉኝ መጥረጊያውን ውጭ ወረወርኩት።

አንድ ቀን አስፋልቱ ላይ ተገጣጠምን። እንዳይሸሸኝ ፈርቼ ነበር፤ አልሸሸኝም። የሸሸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰላምታውን አሟላልኝ። እናቴን ጠየቀኝ፣ ሥራዬን ጠየቀኝ፣ የአምባሰልን ዝናብ ጠየቀኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለ፣ አለፈ። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ እንደሚጠየቀው ነው የጠየቀኝ። ያን ቀን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ይህ ሰው ቢላዋውን አጥቷል፣ ውሃ ዳር ያለው ቦታው የወንድሙ ሆኗል። ሰው እሱን የሚፈራባትና የሚያማርርባት የቀረችለት ቦታ ሱቄ ነበረች። እሷንም በአባቴ ስም፣ በዱዓ አስሬ ነጠቅኩት። ካልተመለሰ ተመልሶ ሰው የሚሆንበት ሌላ ቦታ እንደሌለ አውቅ ነበር፤ ይህን ማወቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ጁምዓ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ያዝኩና ወደ አምባሰል ወጣሁ። አባቴ ከመስጊድ ተመልሰው ግቢው ውስጥ አጎዛቸው ላይ ነበሩ። ጉዳዩን እየሳቅኩ ነው የጀመርኩት፤ እሳቸውም የሚስቁ መስሎኝ። አልሳቁም። ደም ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አንድም ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስልክ ውስጥ ያለ ተኩስ መሆኑ፣ የሞተ አለመኖሩ ለእሳቸው ምንም ልዩነት ያመጣ አይመስልም። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ያቺ መሳሪያ አንተን ራስህን መታሃለች?»

«አዎ አባባ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አስራ አንድ።»

«ታዲያ ከሳሽ ነህ እንጂ መች ዳኛ ሆንክ?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት እችለው ነበር፣ ለቁጣ አዲስ አይደለሁም። የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ዘንግ እንደማይዝ፣ የእሳቸው አባት አንዴ የሚስታቸው ዘመድ ደም ቢመጣ ከዳኝነቱ ቦታ ተነስተው ከሰው ኋላ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። ያ ፍርድ ፍርድ ስላልሆነ አሚኑም ልጁን አይዘውም፤ ግን ሄደህ በአፍህ ንገረው፣ በሰው አትላክ አሉ። ጉማውስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱን የተበደለው ያውቃል፣ ሂድና ጠይቀው አሉኝ።

መጠየቅ ብቻ ነበር የታዘዝኩት። እኔ ግን እኔ ነኝ፤ ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ የራሴን ጉማ ቆረጥኩ። ሱቄ ገብቼ ቀኝ አውራ ጣቴን ስንጥር አስደግፌ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኳት። ሦስት ቀን እንዲሁ ከረምኩ። ሸሚዝ መቆለፍ አልሆነልኝም፣ ቁልፍ ማዞር አልሆነልኝም፣ ብሎን የምታነሳዋን ወረንጦ ስይዝ ትወድቅብኛለች። ምሳ ሰዓት ትሪ ቀርቦ እንጀራውን ለመቁረስ ስሞክር ወጡ ክንዴ ድረስ ወረደ። ይህን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ ጓደኛዬ ከአደጋው በኋላ ከእኛ ጋር ትሪ ቀርቦ አያውቅም። ሁሌ በልቻለሁ ይለናል። እኛም በልቷል እንላለን። ስንት ወር ሙሉ በልቷል ብለን ፊቱ ላይ በላን።

በአራተኛው ቀን ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጸሐዩ ገና አልበረደም፣ ታንኳዎቹ ተመልሰዋል፣ ወንድሙ ጠረጴዛው ላይ ይበልታል። እሱ ከውሃው ጠርዝ አለንጋውን ይዞ ቆሟል። ሲያየኝ ሰላምታውን ሊጀምር ነበር፤ ከዚያ ጣቴን አየ።

ሁሉንም ነገርኩት። አባቴ ያሉትን፣ ዳኛ እንዳልነበርኩ፣ አሚኑ እንደማይዘው። አስራ አንድ ጊዜ ስለገደልከኝ ተናድጄ ነው አልኩት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። በመጨረሻም እንደ ጅል እጄን ዘርግቼ ይኸው ጉማህ አልኩት።

እጄን ተቀበለኝ። በግራ እጁ ገለባብጦ አያት፣ ናስትሮውን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

«ፍታው» አለኝ። «ያንተ ይፈታል።»

ፈታሁት። ደሙ ሲመለስ ጣቴን ወጋ ወጋ አደረጋት፣ ነጭ የነበረችው ቀላች፣ ያለእኔ ፈቃድ ታጠፈች። እሱ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ እጄን ኪሴ ከተትኳት።

አውፍ ብያለሁ አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አሞራዎቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፣ እሱም ተዋቸው። ከዚያ ሳልጠይቀው የተናገረውን እስካሁን ይዤው እዞራለሁ።

«ስልክህን የሰበርክ ቀን ሌባ ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ ታውቃለህ? ከዚህች ወዲህ» አለ፣ በአገጩ ጣቱን እያሳየ፣ «እኔን የሰደበኝ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ አብሽር፣ አይዞህ ነው። አንተ ግን ፈሪ፣ ሌባ፣ ምን ያላልከኝ አለ? ይሄ ሰው እጅ እንዳለኝ አምኗል አልኩ። መከልከላችሁ አልከፋኝም። መሳታችሁ ነው።»

እኔ በደሉ ስድቡ፣ ካሳው ርኅራኄው መስሎኝ ነበር። ገልብጬ ነበር የያዝኩት። ሌባ መሳሪያ የምንለው፣ ካሸነፈን ሰው ጋር የምር እየተጋጠምን መሆናችንን በሌላ አፍ ለመናገር ነበር። የማታሰጋውን ሰው ማን ሌባ ይለዋል? ወደ ሱቅ እንዲመለስ ለመንኩት። ጉማው ምንድን ነው አልኩት በመጨረሻ፣ እንደታዘዝኩት።

«እንዳትስተኝ» አለ። «ስገድልህ ደግሞ እንደ ድሮው ስደበኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ይህን ያህል ቀላል ጉማ በአምባሰል ተሰምቶም አያውቅ አልኩት። ስቄም ነበር።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። ፍርዱ መፍረሱን ለሁሉም ተናገርኩ፤ መምህሩ ተነስቶ አቀፈው፣ ብዙ አቀፈው። ጌሙ ውስጥ ገባን። እኔ ወደ ደረጃው ስሄድ የት እንዳለ አውቄያለሁ፣ የድሮ ቦታው ነው፣ በሩ ጀርባ። ብዞር እችል ነበር፤ እንዳትስተኝ እንጂ ተገደልልኝ አላለኝም። የምሬን ገባሁ፣ የምሬን ተኮስኩ፣ እሱ ቀደመኝ። ዷ! ስክሪኔ ቀላ።

ሁሉም እኔን ያያል። እሱም ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ፈገግታው ሊመጣ ጫፍ ላይ ደርሶ። የሚጠብቀው አንዲት ቃል ነው። በሕይወቴ ሙሉ ሳልፈልጋት እየወጣች ያጣላችኝን ቃል። አፌን ከፈትኩ። ያ ትሪ ፊቴ መጣብኝ፣ ያቺ ብብት ሥር የገባች እጅ መጣችብኝ።

«ጎበዝ» አልኩት።

ፈገግታው ሳይመጣ ተመለሰ። አመሰገነኝ፤ አመሰግናለሁ አለኝ፣ በጨዋ ደንብ። ጨዋታው ቀጠለ።

አሁንም ይመጣል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። ሾትጋኑን ያነሳል፣ ይገድላል፣ እኛም ሳንስት እንገድለዋለን፤ ያን ቃል ጠብቀናል። ሌሎቹ ሲገድሉኝ ስድቤ ጥይቷ ሳትደርስ ይደርሳል፣ ጩኸቴ አስፋልት ማዶ ይሰማል። እሱ ሲገድለኝም ሌባ እለዋለሁ። ሳላሰልስ እለዋለሁ። ግን ጥቂት ዘግይታ ነው የምትወጣው፣ አስቤያት ነው የምትወጣው። እሱም መዘግየቷን ይሰማል።